ገና ነው

አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
እኔና ጋሽ እርገጤ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣
ከእግራችን ሥር ማሽኑ ሲያጉረመርም፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ፣
እንጀራችን የሰው ስህተት።

«ወደ ፊት አታንብብ» አለኝ የተቀጠርኩ ለታ፣
«ወደ ፊት ያነበበ አራሚ ታሪኩ ይዞት ይሄዳል፣
የጎደለውን ፊደል ልቡ ሞልቶት ያልፋል።
ከመጨረሻው ተነሣ፤ ቃል በቃል፣ ወደ ኋላ፣
ሐሳቡ እንዳይሸነግልህ፣ እንዳይጥልብህ ጥላ።»

ሠለጠንኩ።
ስንቱን ልብ ወለድ የኋሊት ነዳሁት፦
ሙሽሮቹ ሳይጋቡ ሲፋቱ፣ ሟቹ ከጉድጓድ ሲነሣ፣
እኔ «ሠ»ን ከ«ሰ» ስለይ፣ ማን እንደሞተ ስረሳ።

እሱ ግን ከደረጃው ሲወርድ ሌላ አንባቢ ነው።
የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥር በሩቁ፣ በግማሽ ዓይኑ፤
ጋዜጣ ሲያገኝ ርዕስ ርዕሱን ገርፎ፣
ጨረታውን ዘሎ፣ የሙት ዓመት ማስታወቂያው ላይ ዐርፎ።
አንድ ቀን የኪራይ ውል መጣለት፣
ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ላለች ጠባብ ክፍል፤
ከግርጌው ጀመረ፣ ጉንዳን ከሚያክለው ጽሑፍ፣
በጣቱ፣ በጥፍሩ፤ «አከራይ በፈለገ ጊዜ» የሚለው ዘንድ ሲደርስ
ፈገግ ብሎ አጠፈው።
የእህቱ ልጅ መድኃኒት የገዛች ዕለት
ወረቀቱን ሦስቴ፣ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ።
ግጥም ሊታረም የመጣ እንደሆነ ደግሞ
ቀዩን እስክርቢቶ ከጆሮው ላይ አውርዶ
መሳቢያ ይቆልፍበታል። ከዚያ ነው የሚያነበው።

ይኼን ሁሉ አየሁ። አየሁ እንጂ አልተማርኩም።
ፒያሳ የወርቅ ቤቶቹን ስም ከኋላ እያነበብኩ አልፋለሁ፤
የጎረቤቴ ሞት ግንብ ላይ ተለጥፎ
የጎደለች ነጥብ ስፈልግ፣ ቀብሩ ላይ ዘግይቼ ደርሻለሁ።

በጥቅምት፣ ከአርባ ምንጭ፣ ፈትለወርቅ ጻፈችልኝ።
ፖስታ ሳጥኑ ፊት ቀደድኩት፤ የቸርችልን ዳገት ስወጣ
ዓይኔ እንደ ልማዱ ከፊርማዋ ተነሥቶ ወደ ሰላምታዋ መጣ።
«ኀ» በ«ሀ» ተተክቶ፣ አንድ አራት ነጥብ ጎድሎ፣
አረምኩላት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በቀይ።
መሃል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፣ እንከን የማይወጣላት፣
«የምመጣው ገና ነው።»
ንጹሕ ናት አልኩና አለፍኳት፣
በጣቴ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ እየቆጠርኩ።

የገና ጋድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አውቶቡስ ተራ።
ዶሮ ወረደ፣ ማዳበሪያ ወረደ፣ የሰው እናት ተደግፋ ወረደች፤
ሁለተኛው አውቶቡስ፣ ሦስተኛው፣
ረዳቱ የሙዝ ልጣጭ እየጠረገ
«ጨርሰናል ወንድሜ፣ ሰው የለም» አለኝ።

በበዓሉ ማግስት ጋሽ እርገጤ መነጽሩን አወለቀ።
«አምጣው። አይ፣ አንተው ያዘው። አንብብልኝ፣
ከላይ ወደ ታች፣ በአፍህ፣ እሷ እንደምትናገረው።»

አነበብኩ፦
«እማዬ አልተሻላትም፤ ትምህርት ቤቱም ምትክ አላገኘልኝም፤
የምመጣው ገና ነው።»

«እንደገና» አለኝ። «ገናን አላላው።»

አላላሁት።
ማሽኑ ከታች ቀጥ ያለ መሰለኝ።

ምስክሩ እፊቷ ቆሞ ነበር፤ እኔ በጓሮ ስለገባሁ
ቃሉን የሰማሁት ፍርዱ ካለፈ በኋላ ነው።
ፊደላችን ላልቶ ይሁን ጠብቆ አይናገርም፣
ለአንባቢው ምላስ ይተወዋል፤
ያን ዕለት የጠበቀው «ና» ነው፣
ሲጠብቅ ያመሸው እኔ።

መልሱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩ፣
«ሀ»ውን እንደመጣልኝ፣ ነጥቡን እንዳመቸኝ።
ጋሽ እርገጤ ጎንበስ ብሎ አየና ምንም አላለም፤
መሳቢያው ሲቆለፍ ሰማሁ።
በመጨረሻው መስመር «ገና እጠብቅሻለሁ» ብያለሁ።
የትኛው እንደሆነ አልጠቆምኩም።
ድምፅ አውጥታ ታንብበው።