የመሪው ሆድ

ገላን፣ ከክፍያው መንገድ ማዶ፣ ከሲሚንቶው መጋዘን ጀርባ፣
የጉተማ ጋራዥ አለ፤ ግጭት ሁሉ ተጎትቶ የሚገባ።
እኔ እዚያ የሽቦ ሰው ነኝ፤ ደረሰኝ ይሉኛል፤
የመኪና ነርቭ ሲታመም፣ ጣቴ ቀድሞኝ ያውቃል።

ኤርባግ ሲባል ሰው ሁሉ ከረጢቱን ነው የሚያስበው።
ከረጢት ጨርቅ ነው፤ ጨርቅን ሰፊ ይወቀው፣ እኔ ምን አገባኝ፣
ከጀርባው ያለችው ጣሳ ናት እኔን የምትገርመኝ።
የሰርዲን ቆርቆሮ ታክላለች፤ ሆዷ ውስጥ ጥቂት ክኒን፤
ጫፏ ላይ አንዲት ቢጫ ሽቦ፣ ጠርቶ የማያውቅ ስልክ መሳይ።
ጃፓን አገር አንድ ሰው ከደናት፤ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳታይ፣
ባሕር ብትሻገር፣ በረሃ ብታቋርጥ፣ ጭቃ ብትነከር፣
ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣለች፣ ለአንድ ቅጽበት ነገር።

ግንባር ከግንባር ሲላተም፣ ብልጭታ ይደርሳታል፤
ክኒኑ ይነድዳል፤ ዓይን ሳይከደን ጣሳው ይተነፍሳል።
አንዴ። ከዚያ ጠቁራ ትቀራለች።
ዕድል የቀናት እንደሆነ ግን ሳትተነፍስ ታረጃለች፣
ሌባ ሳይመጣበት ጡረታ እንደወጣ የመጋዘን ዘበኛ፣
"ምን ሠራህ?" ቢሉት የሚያፍር፣ ዕድሜ ልኩን ያልተኛ።

ጥር ላይ አንዲት ቪትዝ መጣች፣ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ፣
ከረጢቷ በመሪው አፍ፣ እንደ ምላስ ወጥቶ ደርቆ።
ጣሳዋን ነቀልኳት። ከሰል ሆናለች። የርችት ሽታ አላት።
ሾፌሩ ተርፏል አሉ። እሷን ማንም አላመሰገናት።
"አዲስ ስንት ነው?" ስለው፣ ጉተማ ሳቀብኝ፦
"በሷ ዋጋ ሞተር እገዛለሁ። አንተ ሰው፣ አታድክመኝ።
ስፖንጅ ጠቅጥቅበት፤ ክዳኑን አጣብቀው፤
መብራቱ እንዳያወራ፣ ሬዚስተር በይድና አታለው።"

ሬዚስተር የሩዝ ፍሬ ታክላለች፤ ዋጋዋ ከሻይ አይበልጥ፤
ኮምፒውተሩን "ጣሳዋ ነኝ" ትለዋለች፤ ያምናታል፣ ክዳን ሳይገልጥ።
በየድኩ።
ስንጥቁን ጎረቤታችን አስካለ ሰፋችው፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።
ቁልፉን ሳዞር ቀይዋ መብራት በራች። ስድስት ቆጠርኩ። ጠፋች።
"አየህ፣" አለ ጉተማ፣ "ጤነኛ ናት። ዳነች።"

ገዢዋ እልፍነሽ ትባላለች። ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ፤
ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በእግሯ መጥታ፣
የሦስት ዓመት ዕቁብ በጥቁር ፌስታል ይዛ።
ጎማውን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችና
ጉተማን ዘላ፣ እኔን፦
"ኤርባግ አለው?"
"መብራቱ ይጠፋል" አልኳት።
ሐሰት አይደለም።
ሰሙን ሰጠኋት፤ ወርቁን ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት፣ አምቡላንስ በክፍያው መንገድ ሲጮህ፣
ትራሴን አገላብጣለሁ። የኔም ትራስ ስፖንጅ ነው፤
ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ።

ትናንት ተመለሰች፣ የፍሬን ሸራ ልታስቀይር።
መሪው መሀል፣ ልክ ስፖንጁ ባለበት ላይ፣
ስቲከር ለጥፋለች፦ "ጠባቂ አለኝ።"

ፍሬኑን ጨረስኩ። ጉተማ ምሳ ወጥቷል።
ቁልፉን ልሰጣት ስል እጄ አልዘረጋም አለኝ።
"ግቢ፣ መሪው ፊት ተቀመጪ" አልኳት።
በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የአስካለን ስፌት ጫፉን ያዝኩት፤ ተተረተረ።
ከጥር ጀምሮ የያዝኩት ወጣ። አንዴ።
"እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ ነኝ የጠቀጠቅኩት።"

አልጮኸችም።
ከመሪው ሆድ ስፖንጁን በሁለት ጣቷ ጎትታ አወጣች፣
ቁስል ውስጥ የተረሳ ጥጥ እንደሚወጣ።
ጠርዙ ላይ የኔ እስኪርቢቶ ምልክት አለ፣ የለካሁበት።
ጨመቀችው፤ ለቀቀችው፤
ቀስ እያለ ወደ ቅርጹ ተመለሰ።
"ይሄ ነው?" አለች።