የፈረስ ሽታ

ሞጆ ላይ፣ ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር ማዶ፣
አባቴ ሲነሣ ገና ሳይነጋ ማልዶ፣
ቦራን ሲጠምደው እኔ ከኋላው ነበርሁ፤
ገለባው ላይ ቁጭ ብዬ ኮቴ እየቆጠርሁ።
ፊደል ሳልለይ ነው እርምጃ የለየሁት፣
ሶምሶማን ከግልቢያ በጆሮ ያወቅሁት።
ብረቱ ሲላላ ድምፁ እንደሚለወጥ፣
ጆሮውን ሲያጥፈው ሆዱ እንደሚናወጥ፣
ማንም አላስተማረኝ።

መምህር ተከስተ «ስታድጊስ?» ብሎ እኔ ላይ ደረሰ፤
«ከፈረስ ጋር መሥራት» ስል፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
አባዬም ማታ ሳቀ፤ ግን ልጓሙን አቀበለኝ፣
«ያዢ፣ ብቻ አትጎትቺ፤ አፉ ሥጋ ነው» አለኝ።

ቦራ በሰኔ ሞተ። ከተማው ባጃጅ ሆነ።
የአባቴ እጅ ሥራ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ ባከነ።
ኤጀንሲው ፎርም ሰጠኝ፤ «ሙያ» ከሚለው ፊት
ጸሐፊዋ ሳትጠይቀኝ ሞላችው፦ የቤት ሠራተኝነት።

አሁን ሻርጃ ነኝ። ሐሙስ ማታ ሲሆን
እንጭናለን ድስቱን፣ ትራሱን፣ ልጆቹን፤
ወደ አል-ዳይድ፣ ወደ ባባ እርሻ።
አሸዋው ቀይ ነው እዚያ፣ ነፋስ ቴምሩን ሲገፋ፤
ከሁሉ ጫፍ ጋጣው፣ ኤሲው እንደ ሰው ሲያንኮራፋ።
ስድስት ናቸው ፈረሶቹ፤ ባባ በየስማቸው ሲጠራ
ዐይኔ የሚሄደው ወደ ግራጫዋ ባዝራ፣ ጀውሃራ።
ፓስፖርት አላት፤ የግንባሯ የጠጉር ሽክርክሪት ተሥሎበታል፤
ከእኔው ጋር በአንድ መሳቢያ ባባ ቆልፎበታል።
እሷ ግን ፈረንሳይ ሄዳ መጥታለች።

ጉልዛር፣ የሙልታን ሰው፣ ጢሙን ሂና ያቀላው፣
ዐረብኛችን ስብርባሪ፣ ከየደጁ የለቀምነው፤
ኮቴዋን አንሥቶ አንድ ቀን «ያዢ» ሲለኝ
ክብደቱ የማውቀው ነበር፤ መዳፌ ቀድሞ ነገረኝ።

ባለፈው ሌሊት ነው። ሳህን አጥቤ ስወጣ
ጀውሃራ ጎኗን ታያለች፣ አንጀቷ ውስጥ ነገር ሲቆጣ።
ጉልዛር ስልክ ይደውላል፤ ሐኪሙ ዱባይ፣ ሩቅ ነው፤
ገመዷን ከእጁ ተቀበልሁ፤ ፈቃድ ጠያቂው ማን ነው?
ብትተኛ ትንከባለላለች፤ ብትንከባለል አንጀቷ ይታጠፋል።
ስለዚህ እንሄዳለን። በአማርኛ አወራታለሁ፤ ሌሊቱ ያልፋል።
ከጋጣ እስከ ቴምር፣ ከቴምር እስከ ጋጣ፤
ስለ ሞጆ ነገርኋት፣ ስለ ቆዳ ፋብሪካው ሽታ፣
ስለ ቦራ። አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ መልሳ፣ ሰምታ፣
ንጋት ላይ ፋንድያ ጣለች።
ጉልዛር አለቀሰ።
እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ፋንድያ አላየሁም።

ማዳም ቁርስ ላይ አፍንጫዋን ያዘች፦ «ምንድን ነው የሚሸተው?»
ቀሚሴን አጠብሁ፣ ጫማዬን አጠብሁ፤ ሻሼ ግን ትራሴ ሥር ነው።

ጉልዛር አገሩ ሊሄድ ነው፤ ልጁን ሊድር፣ ሁለት ወር።
«ማን ሊይዛቸው ነው?» ይላል ባባ፣ ከወንድሙ ጋር ሲመካከር።
ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ
እንደ ልጓም ብረት ይንቃጨላሉ።
ቀስ ብዬ፣ ሳልጎትት፣
የእኔም አፍ ሥጋ ነውና፣
«አና» አልሁ። እኔ።

ሁለቱም ዞሩ።
ትሪውን አላስቀመጥሁም።