አውራ ጣት

ከፒያሳ በታች፣ ካሮጌው ቤተ መጻሕፍት፣
ቅጽ ደረሰኝ፦ «የቱ ገጽ አንባቢ አመጣ? ይሞላ ያለ ሐሰት።»

ፌስቡክ፦ አራት መቶ አውራ ጣት ተነሣ፤
በር ገፍቶ የገባው ሦስት ሰው ነው፣
አንደኛው ትናንት የረሳውን ዣንጥላ ሊያነሣ።

ድረ ገጽ፦ መልኩ ያምራል፣ የሚደነቅ፤
እስኪከፈት ግን ሻዬ በረደ፣
ጀምበርም በጎርጎራ በኩል ዘቅዘቅ።

ቴሌግራም፦ እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመች።
ማታ ከቆላ ድባ አንዲት ልጅ ጠየቀች፣
ድምጿ እየተቆራረጠ፦ «ጋሼ ይርጋው፣ እባክዎት፣
የባዮሎጂዬን ገጽ ሰማንያ ስድስት
ወንድሜ ቀዶ ጀልባ ሠራበት፤
ፈተናው ነገ ነው።»

መብራት የለም። ሻማ ለኮስሁ፣ መጽሐፉን አወረድሁ፤
በግራ እጄ ገጹን ይዤ በቀኜ አንሥቼ ላክሁ።
አምስት ሰዓት ላይ መልሷ መጣ፦
«ደርሶኛል። የኩላሊቱን ጥግ አውራ ጣትዎ ሸፍኖታል፤
ግድ የለም፣ ይነበባል።»

«የተጠቃሚ ብዛት» ለሚለው «አንድ» ብዬ ጻፍሁ።
«ማስረጃ» ለሚለው ቃል ቢያጥረኝ፣
የማኅተሙን ቀለም ከፍቼ
ያንኑ ጣቴን አተምሁ።