ማስታወሻ የሚለው ዓምድ

ቆጣሪ አነባለሁ፥ የሰው በር አንኳክቼ፣
በኅዳር ደብረ ብርሃን፥ በውርጭ ማልጄ ወጥቼ።
መዝገቤ ስድስት ዓምድ ነው፦
ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ያለፈው ንባብ፣ ያሁኑ፣ ልዩነቱ፣
ስድስተኛው ጠባብ፥ ‹ማስታወሻ› ነው አርእስቱ።

እዚያች ጠባብ ቦታ፥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
የጻፍኳቸው ቃላት፥ ቢቆጠሩ ሁሉ፦
‹በር ዝግ›፣ ‹ውሻ ያስቸግራል›፣ ‹ቧንቧው ያፈሳል›፣
‹መስታወቱ ጨልሟል›፣ ‹ባለቤት ይሳደባል›።
ሌላ አልጻፍኩም።
መሥሪያ ቤቱም ሌላ አልጠየቀኝም።

እቤቴም ስገባ፥ ዓምዷ ተከትላኝ፣
ሚስቴ በላይነሽ፥ "እንዴት ዋልክ?" ስትለኝ፣
ስለ ጫማዬ ሶል፥ ስላልታየው ጭማሪ፣
ስለ አለቃዬ ቁጣ፥ ስለ ሰው ስድብ፥ ስለ ቆጣሪ…
እሷ ግን ዝም ብላ
ራዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች።

ከበሬሳ ወዲህ፥ ቁልቁል ሲል መንገዱ፣
ጋሽ እንግዳወርቅ አሉ፤ ዓይኖቻቸው ከሄዱ
ሦስት ክረምት አለፈ።
ሠላሳ ዓመት የሠሩ፥ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ዛሬም ጣታቸው አያርፍ፥ የሰው ካፖርት ሱፍ ሳይለካ።
"ቆጣሪ ነኝ" ስላቸው፥ ይሰጡኛል በርጩማ፦
"ውኃዬን አንተ አንብብ፤ እኔ ከተማውን ልስማ።
ምን አየህ መንገድ ላይ?"

እኔም አፌን ከፈትኩት፦
"አስፋልቱ ተቆፍሮ፥ አቧራው እንደ ጉም፣
ሽንኩርቱ ዋጋው ወጥቶ፥ ሰው ሰላም አይልም፣
ባቄላውን ውርጭ መቶት፥ አደረ በሙሉ፣
መብራትም የለም ጠባሴ፥ ሦስት ቀን ነው አሉ…"

ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ፥ ዱላቸውን መሬት ነካ አድርገው፣
"ይኼንንማ አውቀዋለሁ፥ ዓይን ሳለኝም ያየሁት ነው፤
ሌላውንስ?" አሉኝ።

"የቱን ሌላ?"

"ዓይን ያለህ አንተ ነህ፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

ዝም አልኩ። ውኃው በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ይሰማል።
ለካስ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፤
የታመመ ሊጠይቅ ወጥቶ
ዳቦውን እቤቱ እንደረሳ ሰው።

በሚቀጥለው ወር፥ ነገሩ ከንክኖኝ፣
"አሁን ምን ልበላቸው?" የሚል አሳስቦኝ፣
ጠባሴን ስሻገር፥ ዓይኔን ገለጥ አረግሁ፣
ቃርሚያ እንደወጣ ሰው፥ የወደቀ ፈለግሁ።

አንዲት የጋሪ ፈረስ፥ ግንባሯ ላይ ውርጭ አብቦ፣
እስትንፋሷ እንደ ጭስ፥ ወደ ፀሐይ ተስቦ፤
ደላላው ስንሻው፥ ከሰው ሁሉ የሚጣላ፣
ለውሻ ዳቦ ሲቆርስ፥ ተደብቆ ከግንብ ኋላ፤
ወይዘሮ የሺመቤት፥ ‹ይሳደባል› ብዬ የጻፍኳት፣
"ያኔኮ ጥርሴን አሞኝ ነው" አለችኝ ስጠይቃት።

ወስጄ ነገርኳቸው።
የፈረሷን ነገር ሁለቴ አስደገሙኝ፤
"ግንባሯ ላይ ብቻ? ወይስ ሽፋሽፍቷም ላይ?" ሲሉ ጠየቁኝ።
አላስተዋልኩም ነበር።
"እንግዲያው ለሚቀጥለው" አሉ።

አትሳሳቱ፤ ደመወዜ ያው ነው፤
ሶሌም እንዳፈሰሰ፥ ጣቴን ውርጭ እንደቆነጠጠው።
አንዳንድ ቀን ደግሞ፥ ምንም አላገኝም፤
"ዛሬ ባዶ ነኝ ጋሼ" እላለሁ፤ አልዋሽም።
"ባዶም ቢሆን መጣህ" ይላሉ፤ "ቁጭ በል።"

አንድ ማታ በላይነሽ፥ "እንዴት ዋልክ?" ስትለኝ፣
የፈረሷ ሽፋሽፍት፥ ከሶሉ ቀድሞ አመለጠኝ።
ራዲዮኑን ቀነሰችው።

ባለፈው አለቃዬ፥ መዝገቤን ገልጦ ቆመ፣
ግንባሩን ቋጠረ፥ ደግሞ አጉረመረመ፦
"ቁጥር ሰማንያ ሦስት፥ ‹ቧንቧው ያፈሳል›፤ ይሁን።
‹ሥሩ ጤና አዳም በቅሏል› — ይኼ ደግሞ ምን ሊሆን?"

"ማስታወሻ ነው" አልኩት።

እስክሪብቶውን አነሣ፥ ሊሠርዘው፤
ትንሽ ቆየና
ገጹን ገለጠው።