ይጠጋል እንጂ

ኮዬ ፈጬ፣ አሥራ አንደኛ «ሐ» ክፍል፣
አንዱን ዴስክ ለአራት ስንካፈል፣
ሰባ ሁለት ነበርን፤ ካልኩሌተር ግን አንድ፣
እሱም የመምህር ደርቤ፣
ክዳኑ ጠፍቶበት በፕላስተር የታሰረ ሆድ።

መደመር የሚያውቅማ በየሱቁ ሞልቷል፤
ይኼኛው ግን ይሥላል።
ፈንክሽን ታጎርሰዋለህ፣
መስመር አድርጎ ይመልስልሃል።
አራት ቀጫጭን ድንጋይ ነው ቀለቡ፤
ድንጋዩ ሲዝል፣ ቁጥሮቹ ገርጥተው ሲራቡ፣
መስኮት ላይ ለፀሐይ እናሰጣዋለን፣
አልሆን ሲል በጥርስ ነከስ እናደርገዋለን፤
ነፍስ ይዘራል፣
ለሁለት ጥያቄ ያህል።

አርባው ደቂቃ ለሁላችን ሲታደል
ሠላሳ ሦስት ሴኮንድ ነው የያንዳንዳችን።
ይኼን ያሰላነው በእጃችን።

ሐሙስ ዕለት ተራው እኛ ዴስክ ደረሰ።
ሰሌዳው ላይ፦ ዋይ እኩል ነው አንድ ሲካፈል ለኤክስ።
ሐዊኒ ተቀበለች።
ቅዳሜና እሑድ ለብሎኮቹ ሲሚንቶ የሚያቦካ ጣቷ
ቁልፎቹ ላይ ሲያርፍ የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ።
መስመሩ ከሰማይ ጥግ ተወርውሮ ወረደ፣
ጎበጠ፣ ዘመመ፣ ወደ ቀኝ ነጎደ፣
ወለሉ ላይ ደርሶ ጋደም አለ።
«ነካ!» አልኩ፣ «ዜሮን ነካ! ይኸው ተኛበት!»
መምህር ደርቤ መጥተው ቆሙ ከኛ አናት።
«አይነካም» አሉ፣ «ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ ይጠጋል፣
ግን አይነካም።
የዚህ ዕቃ ነጥብ ወፍራም ነው፤ ስስ ክፍተት ይደፍንብሃል።
አጉላው እስቲ።»

አጎላሁት። የበር ስንጥቅ የምታህል ብርሃን ታየች።
ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ብርሃኗ ተደፈነች።
አጎላሁት፤ ተከፈተች።
ገፋሁት፤ ጠፋች።
«አንድ ዳቦ» አሉ፣ «ለሚሊዮን ሰው ቢቆረስ
ፍርፋሪው ትንኝ አያጠግብም፤
ዜሮ ላይ ግን አይደርስ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሐዊኒ አልሳቀችም።
ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።
«አባዬም እንዲህ ይል ነበር» አለች፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣
«የመጀመሪያው ግሬደር ከኮረብታው ወዲያ ሲጮኽ፣
‹ይጠጋል እንጂ አይነካንም›፤
በየዓመቱ፣ ጤፉን ባጨደ ቁጥር፣
‹ይጠጋል እንጂ›።»

ሠላሳ ሦስት ሴኮንዱ አለቀ።
ካልኩሌተሩ ወደ ኋላ ዴስክ አለፈ።

እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣
እናቴ ስትቆጥብ ኖራ በዕጣ የደረሳት ቤት፣
ቁልፉን ስትቀበል ያለቀሰችለት።
ከሥሩ የማን መሬት እንደነበር
ጠይቄ አላውቅም ነበር።
ያን ማታ በረንዳ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ፤
ከብሎኮቹ መሀል፣ ከፍሳሹ ቦይ ዳር፣
ማንም ያልዘራው ጤፍ በቅሎ ነበር፣
ሁለት ክንድ በሦስት ክንድ።
ከላይ ሲያዩት ሣር።

ፈተናው መጣ። ካልኩሌተር የለም፤
እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ባዶ ወረቀት።
ሐዊኒ ሁለቱን መስመሮች አቆመች፣
ከላይ ጀምራ ኩርባውን አወረደች፣
ወለሉ ጋ ስትደርስ ግን እጇን ያዘች፤
መጽሐፉ ከሚያሳየው በላይ፣
ቁጥሩ ከሚፈቅደው በላይ፣
ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወች፣
እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ።

ወረቀታችን ሲመለስ
አጮልቄ አየሁባት።
ክፍተቱ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
የተጀመረ ኤክስ፣
አንድ እግሩ ብቻ።