የዘገየች ጣት

ፔዳ ግቢ ጓሮ፣ በላብ በሚያጠምቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣
አገጬ ዋንዛ ላይ፤ "ነጥቧን ብቻ እያት፣ ዐይንሽ አይሩጥ።
አንዲት ጭረት ብቻ ከተንጋደደች ከሌሎቹ መሀል፣
ተጫኝ" ይለኝ ነበር፤ "ቀሪውን ማሽኑ ይቆጥራል።"
አንድ ሺህ ጊዜ ጭረት፣ አንድ ሺህ ጊዜ ጣት፤
ሃያ ብር በሰዓት፣ የኪራይ ማሟያ፣ የማታዬም እራት።

ስሙ እንየው ነው፤ የአባቱ ስም ቸኮል።
"እኔ የምለካው" ይላል "በነዚህ በሁለቱ መሀል
ያለችውን ቅንጣት ነው።"
ይስቃል። የፊት ጥርሱ ወላቃ ነው፣ አያፍርበትም።

መብራት ሲጠፋብን ይዞን ይወርዳል ጣና ዳር፣
እንድሪስ አስጋሪው ከሚውልበት፣ ከደንገሉ ጋር።
ያ ሁሉ እምቦጭ፣ ያ ሁሉ ነጸብራቅ፣
የእንድሪስ ዐይን ግን የመረቡን ቡሽ ይለያል ከሩቅ።
"እንዴት አየኸው?" አለው፣ የእጅ ሰዓቱን እንደያዘ፤
"ዐይንማ ሁሉን ያያል" አለ ያ፣ መቅዘፊያውን እየመዘዘ፣
"ልብ ያለው ነው የሚያገኝ።"
እንየው ይህን ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ፤
እኔ ባወቅሁት ዘመን ሁሉ፣ ያን ቀን ብቻ ዝም ብሎ ቀረ።

ወንድሜ ሞላልኝ ከዘጌ ሲመለስ ጀልባው ተገለበጠ።
በአሥረኛው ቀን ለሥራ መጣሁ። ማንም አልጠየቀኝ፤ ፊቴም አልተለወጠ።
አገጬ ዋንዛ ላይ።
ነጥቧን አየሁ። ጭረቷንም አየሁ።
ጣቴ ግን፣ ውኃ እንደያዘው ሰው፣
ዘገየ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ይሰረዛል፤ ሕጉ ነው፤
አማካዩን ያዛባል፣ ሰንጠረዡን ያበላሻል፣ የሚሻለው ገለል ማድረግ ነው።
እሱ ግን ተነሣ። ጥቁሩን ጨርቅ ገልጦ ብርሃን አስገባ፤
ወንበሩን ስቦ "ማን ነው የሞተብሽ?" አለኝ፤
ያኔ መጣ እንባ።

የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤
ስንት ጥናት፣ ስንት ማዕረግ፤ ሕዝቡ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።
የፋሲሎ መታጠፊያ ምልክት ከቅርንጫፍ ተገልጣ የምትታየው
በማን ጭቅጭቅ እንደሆነ ያስታወሰው ማን ነው?
እንድሪስ ብቻ፣ ከኋላ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ
"ልብ ያለው ነበር" አለ። ሰማሁት።

ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው።
ሙቀት አጣሞታል፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሳዋለች።
ቁልቁል የተደረደሩ ቁጥሮች፤ ሁሉም ከሰባት መቶ በታች፣
አንዷ ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት፤
ከጎኗ፣ በእርሳስ፣ በዚያ በተጣደፈ እጁ፦
"አትሰረዝ። ልጅቱን ጠይቃት።"