ስድሳ አምስት ኢንች

ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ሜላት ደወለች፣
«ምነው ካሜራህ እኔ ላይ ጨከነ?» አለች።
«በስልኬ ሳየው ቀይ ዳማ ነበርኩ፤
በቲቪው ግን ጠቁሬ፣ አርጅቼ፣ ሌላ ሰው መሰልኩ።
ገንዘቤን ተቀብለሃል፤ ናና አስተካክል፤
አማቶቼ ዛሬ ከሰንዳፋ ይመጣሉ፣ ‹ይቺ እኔ ነኝ› ልበል?»

ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ነበር የሠራሁት፣
በሞኒተሬ ላይ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ የለየሁት፣
የቀሚሷን ጥልፍ ክር በክር የቆጠርኩት።
ቢሆንም ልቤ ተጠራጠረ፤
ፍላሽ ኪሴ ከትቼ እግሬ ኮየ ፈጬን ከብሎክ ብሎክ መዞር ጀመረ።

መጀመሪያ እትዬ ዘውዲቱ ቤት፣ ያ ጀርባው ያበጠው፣
ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ የወረሰው፤
ሙሽራዋ ጎመን፣ ሙሽራው ቃሪያ፤
እሳቸው ግን «ሲያምሩ!» አሉ፤ እልልታቸው ተሰማ እስከ ደረጃው ማብቂያ።

ከዚያ አቡሽ ጸጉር ቤት፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው፣
ኳስ ብቻ ከለመደው፣ ሣር ከሚያጋንነው፤
ሚዜዎቹ ማልያ ለብሰው ሊሮጡ መሰሉ፤
ወረፋ ጠባቂዎቹ «ጠይም ናት!» «የለም፣ ቀይ ናት!» እያሉ፣
አንዱ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ሲከራከር
የአቡሽ ምላጭ አየር ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ የጥበቃው የሂርጳ ስልክ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣
ሙሽራዋን ለሁለት የከፈለ፣ ኬኩን ያደቀቀ።
«ጥሩ ነው» አለኝ፣ «ድምፁ ግን ትንሽ አነሰ።»
ስለ ቀለም አልጠየቅኩት፤ ስልኩን ኪሱ መለሰ።

«ሰው ስንት ፊት አለው?» አልልም፤ ያ የሰባኪ ነው፤
የኔ ጥያቄ አጭር ናት፦ የትኛውን መስታወት ልመነው?

ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፤
ላስቲኩ ያልተላጠ ስድሳ አምስት ኢንች ፊት ቆምሁ።
ከሶፋው ይሰፋል፣ ከመስኮቱ ይበልጣል፤
ከሱቅ ሲወጣ እንደ ነበረ ቀለሙ ይጮሃል።
ገዢ እንዲጠራ ብለው እስከ ጫፍ የሞሉት ድምቀቱ
አልተነካም፤ ቀዩ ምንጣፍ ይነዳል ከነወለሉ፣ ከነቤቱ።
የጸጉሯን ዘለላ አንድ በአንድ ለቅሞ፣
የፊቷን ዱቄት ከነላቡ አጉልቶ፣ ሽፍታዋን ጨምሮ ደግሞ።

«አየህ!» አለች። አየሁ። ሪሞቱን አነሣሁ፤
ጥፋቱ የኔ አይደለም ብዬ በልቤ ኮራሁ፤
ድምቀቱን ዝቅ፣ ስለቱን ዝቅ ላደርግ ስል፣
ጋሽ ወንዳፍራሽ ከሶፋው ተነሡ፤ «ቆይ፣ አቁምልኝ ልጄ፣ ይህን ስዕል።»

አቆምኩት።
ዱላቸውን ጥለው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀርበው፣
ሙሽራዋን አልፈው፣ የገዛ ልጃቸውን አልፈው፣ ኬኩን አልፈው፣
ከድንኳኑ ምሰሶ ኋላ፣ እኔ ሦስት ሌሊት ያላየሁት፣
«ጨለማ ነው» ብዬ የተውኩት
አንድ ጥግ፣ አንድ ሰው፣ ሳህን ይዞ የቆመ፣
ግማሽ ፊቱ በምሰሶው ጥላ የጨለመ።

«ሽብሩ» አሉ። ሌላ አላሉም። ሳሎኑ ዝም።
ሠርጉ ባለፈ በአሥራ አንደኛው ቀን የቀበሩት ወንድም፤
ከመታወቂያው በቀር ፎቶ እንኳ የለውም።

በስልክ አልታየ፤ እትዬ ዘውዲቱ ቤት አረንጓዴው ውጦት፣
በኔ ሞኒተር፣ በዚያ በልኩ ባልኩት፣ ጥላው ሸፍኖት፤
ይህ ዋሾ፣ ይህ ጯሂ፣ ይህ የሱቅ ድምቀት ብቻ
ከነኮቱ ጎትቶ አወጣው ከጥላው ዳርቻ።

ኮቱ ግራጫ ነበር አሉ፤ እዚህ ሐምራዊ ሆኗል።
«ኮቱ ልክ አይደለም፤ ፊቱ ግን ራሱን መስሏል።
አትንካው።»

ሜላት እኔን አየች፤ እኔ ሪሞቱን አየሁ፤
ከለውዙ ሳህን አጠገብ በቀስታ አስቀምጬ ዝም አልሁ።

ማታ በሚኒባስ ስመለስ፣ በግንባታው አቧራ መሃል፣
መልእክቷ ገባ፦ «ለስልክ የሚሆን፣ እኔ ቀይ የምሆንበት ሌላ ቅጂ ይቻላል?
አባባ ገና አልተቀመጡም። ቲቪው ባቆምክበት ቆሟል።»